ጉድጓዱን የሚዘጋው ማነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዛሬ ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። ሦስቱም ከመሬት ስለሚወጣው ሀብትና ወደኋላ ስለሚቀረው ጉድጓድ ናቸው። ለአዲስ አንባቢ ይህን ልበል፦ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የማዕድን ፕሮጀክቶችን የአዋጭነት ጥናት ማዘጋጀት ነበር። ከመቆፈሪያው ይልቅ ከካልኩሌተሩ ጋር ነው ያረጀሁት። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ «ዋጋው ትክክል ከሆነ ገበያው ራሱ ያስተካክለዋል» ይሉናል። ከክፍል ስንወጣ ደግሞ ጓደኞቼ «ካፒታሊዝም ምድርን እየበላት ነው» ይላሉ። አንዱ ጓደኛዬ «ነገሩ የስግብግብ አለቆች ጉዳይ ነው» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። እኔን ግራ የገባኝ ይሄ ነው፤ አንድ ኩባንያ መርዝ ጥሎ እንደሚሄድ እያወቀ ለምን ይጀምራል? መሐንዲሶቹ አይታያቸውም? ወይስ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይታያቸዋል። ጥናቱ ውስጥ ይጽፉታል እንኳ።

ስግብግብ ሰው በየሙያው አለ። አብሬያቸው የሠራኋቸው አብዛኞቹ ግን ጨዋና ጠንቃቃ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ስታማ ብትውል የትም አትደርስም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ሠንጠረዥ እይ።

የአዋጭነት ጥናት ዞሮ ዞሮ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ጎን ዓመቶቹ ይደረደራሉ። ወደ ታች ገቢና ወጪው ይወርዳል። በዓመት ስንት ቶን ድንጋይ ይቆፈራል? በአንዱ ቶን ውስጥ ስንት ግራም ወርቅ አለ? ነዳጁስ፣ ደሞዙስ፣ ፈንጂውስ፣ ግብሩስ? እያልክ ስትወርድ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ደክሞት ቡና ፍለጋ በሚነሳበት ቦታ ላይ «መዝጊያ» የምትል መስመር አለች። ጉድጓዱን ማጠር፣ ዝቃጩን ማለትም ማዕድኑ ከወጣለት በኋላ የሚቀረውን የተፈጨ ድንጋይ መሸፈን፣ የሚወጣውን ውሃ ማጣራት፣ ሁሉም እዚያች መስመር ላይ ነው። የሚከፈለው ማዕድኑ ካለቀ በኋላ ነው፤ ገቢ በሌለበት ሰዓት ማለት ነው።

ውሃ ማጣራት የምትለዋ ቀላል ትመስላለች። ብዙ ማዕድን የሚገኘው ድኝ ካለበት ድንጋይ ጋር ነው። ድንጋዩ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ማንንም አይነካም። ቆፍረህ አውጥተህ አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን አሲድ ይሠራል። አሲዱ ደግሞ ከድንጋዩ ውስጥ መዳቡን፣ አርሴኒኩን፣ ካድሚየሙን እያጠበ ይወርዳል። አንዴ ከጀመረ ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ሞንታና፣ አሜሪካ ውስጥ በርክሊ ፒት የሚባል የመዳብ ጉድጓድ አለ። በ1982 ቁፋሮው ቆመ፤ ውሃውን የሚያወጡት ፓምፖችም ጠፉ። ጉድጓዱ ሞልቶ የአሲድ ሐይቅ ሆነ። በ2016 ማዕበል ያባረራቸው የዝይ መንጋዎች አረፉበት። በሺዎች የሚቆጠሩት እዚያው ሞቱ። የውሃ ማጣሪያ ፋብሪካ ተተክሎ ዛሬም ውሃውን እያጣራ ነው፤ የሚያቆምበት ቀን የለውም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የነገ ገንዘብ ከዛሬው ያንሳል ተብሎ ይሰላል። ይህን ከእኔ በላይ አንተ ተምረኸዋል። በማዕድን ሥራ ቅናሹ ብዙ ጊዜ በዓመት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። 10 በመቶውን እንውሰድ። የመዝጊያው ወጪ 100 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል። የሚከፈለውም ከ50 ዓመት በኋላ ነው። በዛሬ ዋጋ ስንት ይሆናል? 850 ሺህ ዶላር ገደማ። ከ100 ዓመት በኋላ ከሆነስ? 7,300 ዶላር አይሞላም። ካላመንከኝ ካልኩሌተርህን አውጣ። የጥናቱን ሪፖርት አሳምሮ ለማሳተም ከዚህ በላይ ሲወጣ አይቻለሁ።

እንግዲህ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚያስወጣ መርዝ ሰባት ሺህ ዶላር ሆኖ ተመዘገበ። የዋሸ የለም። የደበቀም የለም። ሂሳቡ ራሱ አሟሟው።

ቅናሹ ከየት መጣ ብለህ ብትጠይቅ ገንዘቡን ካመጣው ሰው ነው። ባለአክሲዮኑ «ሌላ ቦታ ባስቀምጠው 10 በመቶ አገኛለሁ» ይላል። ከዚያ በታች ከሰጡት ገንዘቡን ይዞ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁ «እኔ እንኳ የማስበው ከመቶ ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ውሃ ነው» ቢል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ታገኛለህ። ለጓደኛህ ይህን ንገርልኝ፦ አለቃው ቢቀየርም ሠንጠረዡ ያው ነው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ሲባል ሁላችንም አህያዋን እንታዘባለን። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን አባባሏ ቀመር ሆኖ ተጽፏል።

ከማውቃቸው ቦታዎች ሁሉ ከአእምሮዬ የማይወጣው በሰሜን ካናዳ የሎውናይፍ ከተማ አጠገብ ያለው ጃይንት የተባለው የወርቅ ማውጫ ነው። ከ1948 እስከ 2004 ሠርቷል። ወርቁ አርሴኒክ ባለበት ድንጋይ ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚገኘው። ድንጋዩ በምድጃ ካልተጠበሰ አይለቅም። ሲጠበስ አርሴኒኩ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ዱቄት ይሆናል። ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፣ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዱቄቱ በጭስ ማውጫው ወጥቶ በረዶው ላይ ያርፍ ነበር። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች የሆኑት ዴኔዎች ደግሞ በረዶውን አቅልጠው ይጠጡታል። በ1951 አንድ ሕፃን ልጃቸው በአርሴኒክ ተመርዞ ሞተ።

ከዚያ ማጣሪያ ተተከለ። የተጣራው ዱቄት መጠራቀም ጀመረ። የት ይቀመጥ? ማዕድኑ ወጥቶ ባዶ በቀሩት የመሬት ውስጥ ክፍሎች። የአካባቢው መሬት ክረምት ከበጋ በረዶ ስለሆነ ቆልፎ ይይዘዋል ተባለ። ቁፋሮው ራሱ ግን በረዶውን አቀለጠው። ዛሬ እዚያ ታች 237,000 ቶን የአርሴኒክ ዱቄት አለ። ማውጫው በዕድሜው ሙሉ የሰጠው ወርቅ 7 ሚሊዮን አውንስ ገደማ ነው፤ ወደ ቶን ብትለውጠው 220 አካባቢ። ለአንድ ኪሎ ወርቅ አንድ ቶን መርዝ።

ባለቤቱስ? ማውጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ የመጨረሻው ኩባንያ በ1999 ከሰረ። መንግሥት ተረከበ። ከዚያ ቀሪውን ወርቅ ሌላ ኩባንያ ገዝቶ እስከ 2004 አወጣ። መርዙ ግን በመንግሥት ስም ቀረ። አዎ፣ በትክክል አንብበኸዋል፤ ከአንድ ጉድጓድ ወርቁ ለብቻው ተሸጠ። በ2022 የማጽዳቱ ጠቅላላ ወጪ 4.38 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ተብሎ ተገመተ። ይህ በ10 በመቶ ቅናሽ ወደ 1948 ቢመለስ፣ የዋጋ ንረቱን ትተን፣ 4 ሚሊዮን አይሞላም።

«ማጽዳት» ስልህ ደግሞ ዱቄቱን ማውጣት እንዳይመስልህ። የሚደረገው እዚያው ማቀዝቀዝ ነው። የመሬቱን ሙቀት ወደ ላይ የሚያወጡ ረጃጅም ቱቦዎች በክፍሎቹ ዙሪያ ይተከላሉ፤ ድንጋዩ እንደገና በረዶ እንዲሆን። ዕቅዱ የ100 ዓመት ነው። እስከዚያ ዘላቂ መላ ይገኛል ተብሎ ተስፋ ተደርጓል። የዛሬ መቶ ዓመት ያንን ቱቦ የሚጠብቀው ሰው አያቱ እንኳ ገና አልተወለደችም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ያቺን መስመር ከሠንጠረዡ ግርጌ አንስቶ ራስጌ ላይ ማስቀመጥ ነው። የመዝጊያው ገንዘብ ገና ሥራው ሲጀመር በጥሬው ወይም በባንክ ዋስትና ይያዝ። ዛሬ የሚከፈል ገንዘብ አይቀነስማ! የካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኩቤክ በ2013 ሕጓን ቀይራ የመዝጊያውን ወጪ መቶ በመቶ ማስያዝ ግዴታ አድርጋለች። እዚያ ዛሬም ማዕድን ይቆፈራል። ብዙ ቦታ ግን ማስያዣው የወጪው ቁራሽ ነው፤ አለበለዚያም «ኩባንያው ትልቅ ስለሆነ ይከፍላል» የሚል ወረቀት። ትልቁ ኩባንያ ደግሞ ማዕድኑ ሊያልቅ ሲል ለትንሽ ኩባንያ ይሸጠዋል። ትንሹ ይከስራል። ጠበቆቹ ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ውሉን የሚጽፉት እነሱ ናቸው።

መምህርህ የሚሉት ልክ ነው፤ ዋጋው ትክክል ከሆነ ብዙ ነገር ይስተካከላል። ግን በ22ኛው ክፍለ ዘመን ያንን ውሃ የሚጠጣው ሰው ዛሬ ገበያ ወጥቶ ዋጋ አይከራከርም። በእሱ ፋንታ የሚከራከረው ማነው? ይህችን ጥያቄ ክፍል ውስጥ አንሳትና የሚሉህን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አምደኛ፣ የሳይንስ መምህርት ነኝ። ስለ ንጹሕ ኃይል ሳስተምር አንድ ተማሪዬ እጁን አውጥቶ «ባትሪውም እኮ የሚሠራው ከጉድጓድ በሚወጣ ነገር ነው፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ንጹሕነቱ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁትም። ነዳጅን በባትሪ መተካት አንዱን ጉድጓድ ትቶ ሌላ መቆፈር ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ልጅ አደራዎን፣ ሳቁ አፉን እንዳያስይዘው። ግማሹን ይዞታል።

ያልያዘው ግማሽ ይሄ ነው። ዓለም በዓመት ከ8 ቢሊዮን ቶን በላይ ድንጋይ ከሰል ታነዳለች። ከነደደ አለቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ 8 ቢሊዮን ይቆፈራል፤ ጭሱ ሰማይ ላይ ይቀራል። ባትሪ ውስጥ ያለው ሊቲየም ግን ባትሪው ሲያረጅም እዚያው ነው። መዳቡም፣ ኒኬሉም። ፈትቶ አቅልጦ ሌላ ባትሪ መሥራት ይቻላል። ደግሞ ኒኬልም ኮባልትም የማይገባባቸው፣ በብረትና በፎስፌት የሚሠሩ ባትሪዎች በብዛት ገበያ ላይ ወጥተዋል። በዓመት የሚወጣው ሊቲየም በመቶ ሺዎች ቶን እንጂ በቢሊዮን አይቆጠርም። በዚህ በኩል ካየነው ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ግን እዚህ ላይ ካቆምን ልጁን ሸወድነው። የከሰሉን ድንጋይ ከተጣራ ብረት ጋር ነዋ ያወዳደርነው! መዳብን እንይ። ዛሬ ብዙ ማውጫዎች የሚቆፍሩት ድንጋይ መዳቡ 0.5 በመቶ አካባቢ ነው። በአንድ ቶን 5 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ቶን መዳብ ለማግኘት 200 ቶን ድንጋይ መፍጨት ያስፈልጋል፤ ከላይ ተገፎ የሚጣለውን ሳንቆጥር። የዓለም ማውጫዎች በዓመት ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ መዳብ ያወጣሉ። ሲባዛ ከ4 ቢሊዮን ቶን የሚበልጥ የተፈጨ ድንጋይ ይሆናል። የከሰሉን ግማሽ አከለ። ከመቶ ዓመት በፊት የሚቆፈረው ድንጋይ የመዳብ መጠኑ ብዙ እጥፍ ነበር። ጥሩ ጥሩው አልቆ ነው እዚህ የደረስነው።

ያ የተፈጨ ድንጋይ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ከግድብ ጀርባ ይጠራቀማል። ግድቡ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከዝቃጩ የተሠራ ነው። በብራዚል ብሩማዲኞ የሚገኘው የብረት ማዕድን ዝቃጭ ግድብ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ሲደረመስ 270 ሰው ገደለ። ከወራት በፊት «አስተማማኝ ነው» የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። የሠራተኞቹ ምግብ ቤት ከግድቡ ሥር ነበር። ሰዓቱም የምሳ ሰዓት። ምግብ ቤቱን እዚያ ያኖረው ሰው ምን እያሰበ ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ምናልባት መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ብቻ ይሆናል።

ለተማሪዎ ሌላ ጥያቄ ይስጡት። ባትሪው ምን ሊያንቀሳቅስ ነው? ሐመር የተባለው መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞዴል አለው። ክብደቱ 4 ቶን ይደርሳል። ባትሪው ብቻውን 1.3 ቶን ገደማ ነው። በዚያ ባትሪ ፋንታ ለአራት ትናንሽ መኪኖች የሚሆን ባትሪ ይወጣ ነበር። የአውቶቡሱን ነገር ተዉት። ጭስ የለውም ብለን ያንን መኪና «ንጹሕ» ካልነው ልጁ መሳቁ አይፈረድበትም።

ጄቮንስ የሚባል እንግሊዛዊ ኢኮኖሚስት በ1865 ይህን አይቶታል። የእንፋሎት ሞተሮች በትንሽ ከሰል ብዙ መሥራት ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ከሰል ይተርፋል ብሎ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሥራው ሲረክስ ሞተሩ በየቦታው ተተከለ፣ ከሰሉም ከድሮው በላይ ነደደ። የቆጠብነውን ተጨማሪ ሽያጭ ይበላዋል። ነጋዴ ደግሞ ተጨማሪ ሳይሸጥ ማደር አይችልም፤ ብድሩም፣ ባለአክሲዮኑም፣ ተፎካካሪውም አያስተኙትም። በ1970 ዓለም ከመሬት የምታወጣው ነገር ሁሉ፣ አሸዋውም ማዕድኑም ነዳጁም ሰብሉም ተደምሮ፣ በዓመት 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነበር። አሁን ከ100 ቢሊዮን ቶን አልፏል። ቁጥሩ የተባበሩት መንግሥታት የሀብት ጉዳይ ፓነል ነው። በ2024 ሪፖርቱ ላይ የሀብታም አገር ነዋሪ ከድሃው አገር ነዋሪ ስድስት እጥፍ እንደሚጠቀምም ጽፏል። ስለዚህ «የሰው ልጅ ምድርን እየጨረሰ ነው» ሲባል «የትኛው የሰው ልጅ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለክፍሉ መንገር ያለብዎት ይመስለኛል፦ አዎ፣ ጉድጓድ መቀየር ነው። መቀየሩም ይሻላል። አዲሱ ጉድጓድ ምን ያህል ይሰፋል የሚለውን ግን ባትሪው አይወስንም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ ሁልጊዜ በሠንጠረዥና በቀመር ያወሳስቡታል። ነገሩ ቀላል ነው። ሀብቱን መንግሥት ቢይዘው ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም። ትርፍ የሚያሳድድ ከሌለ ማን ያጠፋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ብዬ የተከራከርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። ነገሩ ቀላል ቢሆን ደስ ባለኝ።

በማዕከላዊ እስያ አራል ባሕር የሚባለውን ሐይቅ ያደረቀው ባለአክሲዮን አይደለም። በስፋቱ ከዓለም ሐይቆች አራተኛ የነበረ ነው። የሶቪየት ዕቅድ አውጪዎች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ ሐይቁ የሚፈሱትን አሙ ዳሪያና ሲር ዳሪያ የተባሉ ወንዞች ለጥጥ መስኖ ጠለፏቸው። በ2007 ከሐይቁ የቀረው አንድ አሥረኛው ገደማ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ መርከባቸውን አሸዋ ላይ ጥለው ሄዱ። እዚያም ሠንጠረዥ ነበር፤ «ትርፍ» በሚለው ቦታ «የጥጥ ኮታ» ተጻፈበት እንጂ። የሐይቁ ዓምድ አልነበረም።

ናውሩን ደግሞ ይመልከቱ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች፣ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነች ደሴት ናት። ከ1907 ጀምሮ ባዕዳን ፎስፌቷን እየጫኑ ለማዳበሪያ ወሰዱት። በ1968 ነፃ ወጣች። ፎስፌቱንም ራሷ ያዘች። እርስዎ የሚሉት ሆነ ማለት ነው። ለጥቂት ዓመታት የነዋሪዎቿ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም አናት ላይ ነበር። ለፎስፌት ማለቂያ ቀን የሚሆን ፈንድም ተቋቋመ። ሜልቦርን ውስጥ ባለ 52 ፎቅ ሕንፃ ተሠራ። ለንደን ውስጥ ገንዘብ የፈሰሰበት የሙዚቃ ቴአትር በ1993 ወጥቶ ወዲያው ወደቀ። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ከነፃነት በፊት ለተቆፈረው መሬት 107 ሚሊዮን የራሷን ዶላር ልትከፍል ተስማማች፤ ናውሩ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከስሳት ስለነበር። ፈንዱ ግን በብክነትና በመጥፎ ኢንቨስትመንት መነመነ። ሕንፃውም በ2004 ተሸጠ። የደሴቲቱ 80 በመቶ የሚሆነው መሬት ሹል ሹል የኖራ ድንጋይ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። አይታረስ፣ አይኖርበት።

ኖርዌይን እንደሚጠቅሱብኝ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ የነዳጅ ገንዘቧን በ1990 ባቋቋመችው ፈንድ አስቀምጣ ዛሬ በዓለም ትልቁን የመንግሥት ፈንድ ይዛለች። ከፈንዱ በዓመት የምትወስደውም ጥቂት ነው። ይህን ያደረገች አገር ሌላ ብዙ የለችም። ነዳጁ የትም ሄዶ ሲነድ የሚወጣው ጭስ ግን በፈንዱ ሂሳብ ውስጥ አይገባም።

ናውሩስ አሁን ምን ላይ ናት? የባሕር ወለል ላይ። በፓስፊክ ውቅያኖስ ከ4,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ኒኬል፣ ኮባልትና መዳብ ያለባቸው ድብልብል ድንጋዮች ተበትነዋል። አንዱ ድንጋይ በሚሊዮን ዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ናውሩ አንድ የውጭ ኩባንያን ስፖንሰር አድርጋ በ2021 በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ስምምነት ውስጥ ያለውን፣ የቁፋሮው ደንብ በሁለት ዓመት ውስጥ ተጽፎ እንዲያልቅ የሚያስገድደውን አንቀጽ ጠቀሰች። መሬቷ ስላለቀባት ባሕሩን ነው የያዘችው። ልፈርድባት ይከብደኛል። የመዝጊያዋ መስመር እዚያ ምን ተብላ እንደምትጻፍ ግን ማየት እፈልጋለሁ፤ ለአራት ሺህ ሜትር ጥልቀት መዝጊያ ዋጋ ገምት ቢሉኝ እርሳሴን አስቀምጬ እወጣ ነበር።

ስለ ጥልቅ ባሕር ቁፋሮ የጻፋችሁልኝ አንባቢዎች በሚቀጥለው እትም ጠብቁኝ። እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።